የበጀት ኮዱ ስንት ነው?

ለከተሞች ቃል የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ማይክራፎን ባለበት ነው። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ያጥራል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይገኝም። ይህን የምለው ጥቂት ዓመታት በአንዲት የክልል ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ ዕቅድና በጀት ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። የክልል ከተማ ልጅ ከሆናችሁ የራሳችሁን ከተማ ስም አስገቡበት፤ ታሪኩ ብዙም አይለወጥም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። «መንግሥት ምንም ሠርቶ አያውቅም» የሚለውን ወሬ አልወደውም። ውሸት ነው። ልጅ ሆኜ ጭቃ የረገጥኩበት መንገድ ዛሬ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ጤና ጣቢያ ያልነበረው ሰፈር አሁን ጤና ጣቢያ አለው። እኔ የማላምነው አንድ ዓይነት ቃል ብቻ ነው። ብሩ ያልተጠራ፣ ቀኑ ያልተቆረጠ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ቃል። «ከተማችሁ ልዩ ትኩረት ተሰጥቷታል»፣ «ጥያቄያችሁ ደረጃ በደረጃ ይመለሳል»፣ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚለውን ዓይነት።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ቀልድ ነው የሚያልፈው። ያጨበጭባል፣ ይስቃል፣ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ይተርታል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከተሳካ እሰየው፣ ካልተሳካም ምን ቀረብን ነው ነገሩ። የእኔ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ነገር ይቀርብናል። ልኩ ያልታወቀ ቃል ከተማዋ በራሷ አቅም ልትሠራው የነበረውን ትንሽ ሥራ ሳይቀር ይዞት ይጠፋል።

የመናኸሪያችንን ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ለጉብኝት መጡ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነዋሪው እንደተለመደው ጠየቀ፦ ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ፣ የወጣቶች ሥራ። አንድ ሽማግሌ ተነሡና ስለ መናኸሪያው ተናገሩ። ክረምት ሲሆን ተሳፋሪው ሻንጣውን ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ እንደሚቆም፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገቡ እንደማይደረስ አስረዱ። እንግዳው ማስታወሻ ያዙ። መጨረሻ ላይ «ለዚህች ታሪካዊ ከተማ የሚመጥን ዘመናዊ መናኸሪያ ይገነባል» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። (በነገራችን ላይ፣ በእንግዳ ንግግር ውስጥ ታሪካዊ ያልተባለች ከተማ እስካሁን አልገጠመችኝም።)

ጉዳቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ዕቅድ ውስጥ ለአሮጌው መናኸሪያ ትንሽ ገንዘብ ተይዞ ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም። የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ጥቂት መኪና ጠጠር፣ የመጸዳጃ ቤቱ ጥገና። ገንዘቡም ከከተማዋ የራሷ ገቢ ነው፤ ማንንም መለመን አያስፈልግም። ጉዳዩ ካቢኔ ላይ ሲቀርብ ግን «አዲስ ሊሠራ አይደል እንዴ? ሊፈርስ ለደረሰ ነገር ለምን ብር እናፈሳለን?» ተባለ። ለክርክርም አይመችም። አዲሱ የሚሠራ ከሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው። ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ።

ለአዲሱ መናኸሪያ ከከተማዋ ዳር ሰፊ ቦታ ተከለለ። የመሠረት ድንጋይም ተቀመጠ። እብነ በረዱ ላይ የእንግዳው ሙሉ ስምና ድንጋዩ የተቀመጠበት ቀን ተቀርጿል። ሥራው የሚያልቅበት ቀን ግን የለም። ቦታው ሜዳ እንደሆነ ቀረ። እንዳይታረስ ተከልክሏል። የቤት ሥራ ማኅበራት ሲጠይቁ «ተይዟል» ይባላሉ። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ እሱስ ደግ ነው።

ቃሉ በሪፖርት ውስጥ ደግሞ የራሱን ሕይወት መኖር ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት «የመናኸሪያ ግንባታ ቅድመ ዝግጅት ተጀምሯል» ብለን ጻፍን። በሁለተኛው ዓመት «የቅድመ ዝግጅት ሥራው ተጠናክሮ ቀጥሏል» ሆነ። ከዚያ መቶኛ መጣ። ገና ዲዛይን ያልተሠራለት ነገር መቶኛ እንዴት ሊኖረው ይችላል አትበሉኝ። ቅጹ ላይ «አፈጻጸም በመቶኛ» የሚል ዓምድ አለ፤ ባዶ ማለፍ አይቻልም። ቦታ መከለል ይህን ያህል፣ ካሳ መገመት ይህን ያህል እየተባለ ይሞላል። እንዲህ እየሆነ አንድም ጡብ ያልተቀመጠበት መናኸሪያ በወረቀት ላይ ከፍ ከፍ ይላል።

በአሮጌው መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ላስቲክ ወጥረው ነው የሚሠሩት። በቆርቆሮ ልሥራው ብለው ፈቃድ ጠየቁ። «መናኸሪያው ስለሚነሣ አይቻልም» ተባሉ። በሚቀጥለው ዓመትም ጠየቁ፤ መልሱ ያው። ፋይላቸውን አይቼዋለሁ። ማመልከቻው ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አዲሱ መናኸሪያ እስኪጠናቀቅ ይጠብቁ» ተብሎ ተመርቷል። ያልተጀመረ ነገር እስኪጠናቀቅ! እሳቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ላስቲክ ይቀይራሉ። የላስቲኩን ዋጋ ደግሞ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው።

ቢሯችን ውስጥ ጡረታቸው የተቃረበ የበጀት ባለሙያ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንድ ሰው ከስብሰባ ተመልሶ «እንዲህ ሊደረግልን ነው» ሲል፣ ጋሼ በመነጽራቸው በላይ ያዩትና «ኮዱ ስንት ነው?» ይሉታል። የበጀት ኮዱን ማለታቸው ነው። በመንግሥት ሂሳብ ውስጥ ገንዘብ የተመደበለት ነገር ሁሉ ቁጥር አለው። የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ 6111 ነው፤ ይህን የሂሳብ ሠራተኛ በእንቅልፍ ልቡም ይነግራችኋል። ቁጥር የሌለውን ነገር ደግሞ ጋሼ እንዳልተወለደ ልጅ ነበር የሚቆጥሩት። ስም ሊወጣለት ይችላል፤ ምሳ ግን አይቋጠርለትም። አዲስ ተቀጣሪዎቹ ይስቁ ነበር። ጋሼ አይስቁም።

የገንዘቡን መንገድ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንዲህ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። የፌዴራሉ በጀት ከዚያ ቀደም ብሎ በተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል። የ2017ን ብንወስድ መጀመሪያ ሲጸድቅ ጠቅላላው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚያ ውስጥ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ድጋፉ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ይከፋፈላል። ክልሉም በበኩሉ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያወርዳል። ወደ ከተማ የሚደርሰው ድርሻ በአብዛኛው የመምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ቦዩ፣ የመንገድ መብራቱ፣ ቆሻሻው፣ ቄራው፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ይባላል። ይሄኛውን ከተማው በአመዛኙ ከራሱ ገቢ ነው የሚሸፍነው። ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ ከአገልግሎት ክፍያ።

እንግዲህ አንድ ሹም መጥቶ «ይሠራላችኋል» ሲል ከየትኛው ኪስ ነው? ከፌዴራል ካፒታል በጀት ነው? ከክልሉ ነው? ወይስ ከእኛው? ይህ ካልተነገረ የመጨረሻውን ጠርጥሩ። «ክልሉ ይደግፋል፣ ከተማው ያስተባብራል» ይባላል። ማስተባበር ማለት መዋጮ መሆኑ የሚገባችሁ ቆይቶ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የወረደው የኮሪደር ልማት ላይ ይህን ጥያቄ ያነሣ ሰው ብዙ ነው፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እውነት ለመናገር ባለሥልጣኑን ብቻ መውቀስም ደስ አይለኝም። በግሉ ውሸታም ላይሆን ይችላል። ቃል ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጣሪያ ገና አልታወቀም። ቢታወቅም ወሳኙ እሱ ብቻውን አይደለም። ከዚያ ሹም ሽር ይመጣና ሌላ መሥሪያ ቤት ይመደባል። ተተኪው «ይህ ከእኔ በፊት የተባለ ነገር ነው» ይላል። እሱም እውነቱን ነው። መሥሪያ ቤት ቃል የሚገባው በቁጥርና በማኅተም ነው፤ ያ ደግሞ አልነበረም።

እኛም ደብዳቤ ጽፈን ነበር። «በዕለቱ በተደረገው ውይይት በተገባልን ቃል መሠረት» ብለን፣ የተቀረጸ ድምፅ እንዳለም ጠቁመን። መልስ መጣ። ጥያቄያችን አግባብ መሆኑን፣ ከሌሎች ከተሞች ጥያቄዎች ጋር ተጠቃልሎ እንደሚታይ ይገልጻል። ሁለተኛ ጻፍን። የውሃ ሽታ ሆነ። ሦስተኛ እንጻፍ ስንል ከንቲባው አልወደዱትም። «ሰውየውን አናስቀይም» አሉ።

ለምን እንዳልወደዱት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወረቀት ላይ ከንቲባን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱን ደግሞ ነዋሪው። የወረዳ፣ የቀበሌና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ግን ለመጨረሻ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ሊካሄድ የታሰበው ተራዘመ። በ2013 ድምፅ የሰጠነው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ነው፤ ከከተማ ምክር ቤቶች የተመረጡት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ብቻ ናቸው። በ2005 ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ስለዚህ የአንድ ተራ ከተማ ከንቲባ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ከላይ የመጣን ሰው «ያሉት ነገር የት ደረሰ?» ብሎ ማፋጠጥ ለእንጀራው አይበጅም። ዝም ማለት ያዋጣል። ማጨብጨብ ደግሞ የበለጠ ያዋጣል።

ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ለከተሞች ብዙ አይተርፍም። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይናገራል። በቂ ስንት ነው? አይልም። አንቀጽ 49 ስለ አዲስ አበባ ነው። ከድሬዳዋ በስተቀር የሌላው ከተማ ሥልጣንና ገቢ በክልሉ አዋጅ የሚወሰን ነው። ክልሉ ሰጪም፣ ተቆጣጣሪም፣ ቃል ገቢም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ማን ይከራከራል?

አሁን ከእኛ ከተማ ወጥቼ ሁላችንም የምናውቃትን ጎንደርን ልጥቀስ። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው። ተራው እስኪደርስ ሳምንታት የሚጠብቅ ሰፈር አለ። ከተማዋ የኖረችበት የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል። የመገጭ ግድብ ሥራ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ለመስኖም፣ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃም ተብሎ። ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ይሄኛው ከእኛ መናኸሪያ ይለያል። ኮድ አለው፣ በጀት ተይዞለታል፣ ማሽን ገብቷል፣ በዓይን የሚታይ ሥራ ተሠርቷል። የጎደለው የሚታመን ቀን ነው።

ቀን ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። «በቅርቡ ይጠናቀቃል» በተባለ ቁጥር የከተማው ውሃ አገልግሎት ምን ያድርግ? ጉድጓድ ያስቆፍር? ያረጀውን መስመር ይቀይር? ግድቡ በሁለት ዓመት የሚደርስ ከሆነ ትንሽ ጠጋግኖ መጠበቅ ብልህነት ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ከሆነ ደግሞ መጠበቅ እብደት ነው። ቀኑን ካላወቅህ ሁለቱን መለየት አትችልም። ነዋሪው ግን ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል። አቅም ያለው ግቢው ውስጥ ሮቶ ተክሏል፤ አቅም የሌለው ጀሪካን ይዞ ይዞራል።

ቃል ሁሉ እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። ተቃራኒውንም በዓይኔ አይቻለሁ።

በማዘጋጃ ቤቶች አካባቢ ዩአይአይዲፒ ሲባል የማያውቅ የለም። የዓለም ባንክ በ2010 ዓ.ም. 600 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት፣ 117 ከተሞችን ያቀፈ የከተሞች ፕሮግራም ነበር። ከእሱ በፊት በነበረው ምዕራፍ፣ ዩኤልጂዲፒ በምንለው፣ 44 ከተሞች ነበሩ። ደንቡ ደረቅ ነበር። ከተማው ኦዲት የተደረገ ሂሳብ ያቀርባል። የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ያዘጋጃል። የራሱን ድርሻ ያዋጣል። በየዓመቱ ገምጋሚ መጥቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ገንዘቡ የሚለቀቀው በነጥቡ ልክ ነው። መሟላት ያለበትን ካላሟላህ አታገኝም። ማንም መጥቶ ታሪካዊ ናችሁ አይልህም።

ገምጋሚ የሚመጣበት ሰሞን ቢሯችን ሌላ ቢሮ ነበር የሚመስለው። ያልተዘጋ ሂሳብ ይዘጋል። የጠፋ ቫውቸር ከመደርደሪያ ጀርባ ይገኛል። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። እንከን የለበትም ብዬ አልከራከርም። ፋይል የሚያሳምር ከተማ አለ። ለገምጋሚ ተብሎ በአንድ ሌሊት የሚጻፍ ቃለ ጉባኤም አይጠፋም። ቢሆንም ስንት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ ካልመጣም ለምን እንደቀረ እናውቅ ነበር። የተጨበጨበለት ጊዜ አላስታውስም። ቦዩ ግን ተቆፍሯል፤ መንገዱም ተሠርቷል።

ከዚያ ወረድ ብሎ የሰፈራችን ኮብልስቶን አለ። ከዚህ የስልክ እንጨት እስከ ወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ይህን ያህል ሜትር ተባለ። ነዋሪው ይህን ያህል ያዋጣል፣ ቀሪውን ማዘጋጃ ቤቱ። የከፋዮች ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ማን እንደከፈለ፣ ማን ግማሽ ላይ እንደቆመ ሁሉም ያነባል። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ የሱቅ ባለቤት ነበሩ፤ ደረሰኝ ሳይቆርጡ አምስት ብር አይቀበሉም። ወጣቶቹ ድንጋዩን መንገድ ዳር ተቀምጠው ሲጠርቡ ብናኙ የጎረቤት ልብስ ላይ ያርፍ ነበር፤ በእሱም ሁለት ሦስት ጊዜ ተጣልተናል።

መሀል ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ድርሻውን አዘገየ። ይህን ጊዜ ምን ሆነ? ሰዎቹ ዝርዝሩንና ደረሰኛቸውን ይዘው ቢሯችን መጡ። «እኛ ከፍለናል፤ የእናንተስ?» አሉ። መልስ መስጠት ነበረብን። «በሂደት ላይ ነው» ብለን ብንል የሚሰማን አልነበረም፤ የተጻፈው እጃቸው ላይ ነው። ገንዘቡም ተፈልጎ ተገኘ። በመናኸሪያው ጉዳይ ግን ማን ምን ይዞ ይሂድ? ለጭብጨባ ደረሰኝ አይቆረጥም።

ሰሞኑን ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የንብረት ታክስ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲሰበሰብ የኖረው በ1968 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ከተሞች ከራሳቸው በቂ ገቢ እንዲኖራቸው ነው ተብሏል። በሐሳቡ አልጣላም። እንዲያውም ከተማ የራሱ ገንዘብ ካለው እንግዳ እስኪመጣ አይጠብቅም ብዬ አስባለሁ። ሰው ግን ከወዲሁ ያጉረመርማል፤ ኑሮው በዚህ ላይ ተወዷል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ታክስ ሲሆን አጻጻፉ ልቅም ያለ ነው። ተመኑ በመቶኛ ይቀመጣል። የቤቱ ግምት እንዴት እንደሚሰላ ይጻፋል። የሚከፈልበት ጊዜ አለው፣ ለዘገየ ቅጣት አለው፣ ቅሬታ የሚቀርብበትም ቦታ አለው። መንግሥት ከእኛ የሚፈልገውን ሲጽፍ ብሩንም ቀኑንም ባለቤቱንም አይረሳም። ስለዚህ መጻፉን ያውቅበታል። ለእኛ የሚሰጠውን ሲሆን ነው ብዕሩ የሚደክመው።

በከተማችን ተመኑ ለውይይት ሲቀርብ አዳራሹ ውስጥ ለመገኘት አስቤያለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ታክስ ስንት ብር ይጠበቃል? ከእሱ ላይ ለየትኛው ሰፈር ቦይ ስንት ተይዟል፣ በየትኛው ወር ያልቃል፣ ካላለቀስ ማንን ነው የምንጠይቀው? መልሱ «ልዩ ትኩረት ተሰጥቶታል» ከሆነ ማይክራፎኑን ሳልመልስ ጥያቄውን እደግመዋለሁ።